አልነጣ ያለው ቀሚስ

ተረት አለኝ። ላም የለበትም፣ በረትም የለበትም። አንድ ጅረትና አንድ ነጭ ቀሚስ አለበት። ቀሚሱ ትንሽ ነው፣ ክንድ አይሞላም።

እንቆይ በር የምትባል ከተማ ነበረች። ከላይ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ፣ ከታች ታች ሰፈር፣ በመሃል ጅረቱ። ጅረቱ ሰኞ ሰማያዊ፣ ረቡዕ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ዓርብ ለሚወርደው ቀለም ስም ያወጣለት ሰው የለም።

በታች ሰፈር ለሴት ልጅ የክርስትና ቀሚስ አይገዛም። ያለው አንድ ቀሚስ ነው፣ ከቤት ወደ ቤት ይሻገራል። ወግ አለው። መጨረሻ የለበሰችው ልጅ ወላጆች በገዛ እጃቸው አጥበው፣ አንጥተው፣ አጣጥፈው ለቀጣይዋ ይሰጣሉ። መጨረሻ የለበሰችው ማሕደር ነበረች፣ የሰይፈ ልጅ። ዓመት ከአራት ወር ኖረች። የቦኖ ውሃ ባለቀበት ሳምንት ከጅረቱ ጠጣች። በአምስተኛው ቀን ሞተች።

ከዚያ ጎረቤቱ ዘነቡ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ሕፃኗ ሰባት ቀን ሲሆናት ሰይፈ ቀሚሱን ከሣጥን አወጣ፣ ወደ ጅረቱ ወረደ፣ አጠበው። ነጭ ሆኖ ገብቶ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ቀኑ ሰኞ ነበር።

ዘነቡ ከደጇ ሆና ታየዋለች።

«በቦኖ ውሃ እጠበው እንጂ፣ አንተ ሰው።»

«ቦኖው በአሥራ አምስት ቀን ሁለት ጀሪካን ነው። እሱን ልጅሽ ትጠጣው።»

«ሲያልቅስ?»

ሰይፈ ቀሚሱን ጨመቀ። ሁለቱም ጅረቱን አዩ።

«እንግዲያው ጅረቱ ይጥራ» አለ።

«በል ንገረው» አለች ዘነቡ።

ነገረው። «ጅረት፣ ጥራልኝ። ሰባ ሦስት ቀን ነው የቀረኝ።»

«አልጠራም» አለ ጅረቱ። «ቧንቧው እየጨመረብኝ እንዴት ልጥራ? እሱን አናግር።»

ጅረቱ አልጠራም አለ፣ ቀሚሱም አልነጣ አለ።

ሰይፈ ቀሚሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ላይ ወጣ። ቧንቧው ከፋብሪካው አጥር ሥር ወጥቶ፣ አፉን ከፍቶ ይተፋል።

«ቧንቧ፣ ቁም።»

«አልቆምም» አለ ቧንቧው። «እኔ በራሴ ቆሜ አላውቅም። የሚዘጋኝም የሚከፍተኝም ሥራ አስኪያጁ ነው። ደግሞ ዛሬ ምን አየህ፣ ረቡዕን ብታየው።»

ቧንቧው አልቆምም አለ፣ ጅረቱ አልጠራም አለ፣ ቀሚሱም አልነጣ አለ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ተክለብርሃን ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ወንበር ሰጡት።

«ቧንቧውን ይዝጉልኝ» አለ ሰይፈ።

«አልዘጋም፣ ወንድሜ። ሁለት መቶ ሠራተኛ አለብኝ። ዝም ብዬ ብዘጋ ማን አዘዘህ እባላለሁ። ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ደብዳቤ ይምጣልኝ።»

«ውሃውን አይተውታል?»

«በመስኮት አየዋለሁ።»

«ጠጥተውታል?»

አቶ ተክለብርሃን ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የታሸገ ውሃ ወደ መሳቢያ አስገቡት። «ደብዳቤ ይምጣልኝ» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ አልዘጋም አሉ፣ ቧንቧው አልቆምም አለ፣ ጅረቱ አልጠራም አለ፣ ቀሚሱም አልነጣ አለ።

አካባቢ ጥበቃ ቢሮ አንዲት ተቆጣጣሪ አለች፣ ወይዘሪት ሰናይት። ግድግዳዋን ሙሉ የመስታወት ጠርሙስ ደርድራለች። ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አለ፣ ስም የሌለውም አለ። እያንዳንዱ ላይ ቀን ተጽፎበታል።

«ይኼ ሁሉ የኛ ጅረት ነው?» አላት።

«የሰባት ዓመት ነው።»

«ታዲያ ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ይጻፉልኝ።»

«ጽፌያለሁ። አሁን ያለው ሕግ አሳስቢ ነው የሚለኝ። አሥራ አንድ ጊዜ አሳስቤያለሁ። እሳቸውም አሥራ አንድ ጊዜ አመስግነውኛል። አስዘጊ የሚል አዲስ ሕግ ተረቅቋል፣ የክልሉ ምክር ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። ረቂቁ ካልወጣ ከእንግዲህ አልጽፍም።»

ወደ ክልሉ ከተማ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ነው። ሊሄድ ሲል ሚስቱ ትርፌ ቀሚሱን በጋዜጣ ጠቀለለችለት። «እንዳይቆሽሽ» አለች። ቀሚሱ ሰማያዊ ነበር።

ረቂቁን ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አገኘው። ላዩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል።

«ረቂቅ፣ ውጣ።»

«አልወጣም» አለ ረቂቁ። «እግር የለኝም። እኔ የምሄደው በሰው እጅ ነው። የአገርህ ተመራጭ ምክር ቤቱ ውስጥ እጁን ያንሳልኝ፣ ያኔ እወጣለሁ። ሦስት ዓመት ተኛሁ፣ ጀርባዬን አሞኛል። ስትሄድ ብርጭቆውን አንሳልኝ።»

ሰይፈ ብርጭቆውን አነሳለት።

ረቂቁ አልወጣም አለ፣ ተቆጣጣሪዋ አልጽፍም አለች፣ ሥራ አስኪያጁ አልዘጋም አሉ፣ ቧንቧው አልቆምም አለ፣ ጅረቱ አልጠራም አለ፣ ቀሚሱም አልነጣ አለ።

ተመራጩ አቶ ደምሰው ናቸው። ምርጫው ሁለት ወር ስለቀረው ሰው ሲያዩ ቶሎ ይነሳሉ። ለሰይፈም ተነሱለት።

«የየት ሰፈር ልጅ ነህ?»

«የታች ሰፈር።»

ተመልሰው ተቀመጡ። አንድ ወረቀት አወጡ። «ታች ሰፈር፣ የተመዘገበ መራጭ፣ ዜሮ» ብለው አነበቡ። «ባለፈው ያለፍኩት በስልሳ ድምፅ ነው፣ ወንድሜ። ፋብሪካው ውስጥ ሁለት መቶ መራጭ አለ። አንተ እኔን ብትሆን እጅህን ለማን ታነሳለህ?»

ሰይፈ አሰበ። «ለጅረቱ።»

«ጅረቱ አይመርጥም።»

«እኛ እንመርጣለን።»

«ተመዝገቡና ኑ። እስከዚያ እጄን አላነሳም።»

ተመራጩ እጄን አላነሳም አሉ፣ ረቂቁ አልወጣም አለ፣ ተቆጣጣሪዋ አልጽፍም አለች፣ ሥራ አስኪያጁ አልዘጋም አሉ፣ ቧንቧው አልቆምም አለ፣ ጅረቱ አልጠራም አለ፣ ቀሚሱም አልነጣ አለ።

ሰይፈ ወደ እንቆይ በር ተመለሰ። የመራጮች መዝጋቢዋ ወይዘሮ የሺመቤት ጥቁር መዝገብ ፊታቸው ዘርግተው፣ እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰው የለባቸውም።

«ይመዝግቡኝ።»

«የቤት ቁጥር?»

«የለኝም። ታች ሰፈር የቤት ቁጥር ያለው የለም።»

«ቁጥር ከሌለው ቤት የለም ማለት ነው።»

«እኛ እንኖርበታለን።»

«እሱን አልካድኩህም፣ ልጄ። ደንቡ ነው እንዲህ የሚለው፦ በቀያሽ የተሰጠ የቤት ቁጥር። ቁጥር ከሌለህ አልመዘግብህም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደንቡ ሊሻሻል ነው ይባላል። በሚመጣው ሐሙስ ሳምንት በክልሉ ከተማ የሕዝብ አስተያየት መስጫ ቀን አለ። ማንም ሰው መናገር ይችላል።»

«ሰው ይሄዳል?»

«አይሄድም። እኔም ሄጄ አላውቅም።»

መዝጋቢዋ አልመዘግብም አሉ፣ ተመራጩ እጄን አላነሳም አሉ፣ ረቂቁ አልወጣም አለ፣ ተቆጣጣሪዋ አልጽፍም አለች፣ ሥራ አስኪያጁ አልዘጋም አሉ፣ ቧንቧው አልቆምም አለ፣ ጅረቱ አልጠራም አለ፣ ቀሚሱም አልነጣ አለ።

ቀያሹ ይርጋ ይባላል። ከድልድዩ በላይ ቆሞ ሜትሩን ይጠቀልላል።

«ይርጋ፣ ውረድና ሰፈራችንን ለካልን። ቁጥር ስጠን።»

«አልወርድም።»

«ለምን?»

«ይሸታል።»

«ምኑ?»

«ጅረቱ ነዋ። ባለፈው ወርጄ ሦስት ቀን እህል አልበላሁም። ጅረቱ ሲጠራ ጥራኝ፣ በማግስቱ እመጣለሁ። ቃሌ ነው።»

ሰይፈ ከድልድዩ ወረደ። ጅረቱ ዳር ተቀመጠ። ሕፃኗ ሠላሳ ሰባት ቀኗ ነበር።

«እ? ምን አሉህ?» አለ ጅረቱ።

«ቀያሹ አልወርድም አለ፣ መዝጋቢዋ አልመዘግብም አሉ፣ ተመራጩ እጄን አላነሳም አሉ፣ ረቂቁ አልወጣም አለ፣ ተቆጣጣሪዋ አልጽፍም አለች፣ ሥራ አስኪያጁ አልዘጋም አሉ፣ ቧንቧው አልቆምም አለ፣ አንተ አልጠራም አልክ፣ ቀሚሱም አልነጣ አለ።»

«ቀያሹ ምን ሲሆን ነው የሚወርደው?»

«አንተ ስትጠራ።»

ጅረቱ ዳሩን መታ መታ አድርጎ ፈሰሰ። «እንግዲህ እኔ ምን ላርግ» አለ። «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ቀይ ነኝ።»

እሑድ የእድር ስብሰባ ነበረ።

የታች ሰፈር እድር አንድ ድንኳን አለው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን ተሸክሞ ሐዘን ቤት መትከል በየቤቱ ተራ ነው። ተራው እንዳይዛባ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደየስ ከድልድዩ ጀምረው ቤቶቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጥረው ጽፈዋል። ይኼ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አዲስ ቤት ሲሠራ መጨረሻ ላይ ይጨምራሉ። ሰው ለቅቆ ሲሄድ ይሰርዛሉ። በየቀብሩና በየስብሰባው ከዚያ መዝገብ ስም ይጠራል፣ ያለ ሰው አለሁ ይላል። ሁሉም ይኼን ያውቃል። ስለሚያውቀውም ማንም አስቦት አያውቅም።

«ሠላሳ ሰባት፣ ዘነቡ።»

«አለሁ።»

«ሠላሳ ስምንት፣ ሰይፈ።»

ሰይፈ ቀና ብሎ መዝገቡን አየ።

«ሠላሳ ስምንት። የለህም እንዴ፣ አንተ ልጅ?»

«ጋሼ፣ ይኼ ሠላሳ ስምንት ምንድን ነው?»

«የቤትህ ቁጥር ነዋ። የዛሬ ሁለት ወር ቤትህ ድንኳን የተከሉልህ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ያሉት ናቸው፣ ተራቸው ስለነበረ። ያንተ ተራ ገና ነው። ምን ነካህ?»

«የቤት ቁጥር አለን ማለት ነው።»

«ድንኳን ተሸክሞ የሚያውቅ ሁሉ አለው። አሁን አለህ ወይስ የለህም?»

«አለሁ» አለ ሰይፈ።

ሐሙስ ወደ ክልሉ ከተማ በሁለት አይሱዙ ሄዱ። የስልሳ ሁለት ቤት ሰው፣ ልጅ ሳይቆጠር መቶ አርባ ሦስት። ወይዘሮ የሺመቤትም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ሄዱ። ጋሽ ወልደየስ ድንኳኑን አስጫኑ።

«ድንኳኑ ለምንድን ነው?» አሏቸው።

«ማስረጃ ነው» አሉ።

ለሕዝብ አስተያየት በተዘጋጀው ክፍል ውስጥ ሦስት ወንበር ነበረ። ሦስቱም ሞልተው አያውቁም። ለመቶ አርባ ሦስት ሰው ስለማይበቃ ድንኳኑን ግቢው ውስጥ ተከሉት። ከሃያ ስድስት እስከ ሠላሳ አንድ ያሉት ቤቶች ተከሉ፣ ተራቸው ነበር።

የበሩ ጥበቃ መጣ። ድንኳኑን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ማን ሞተ?» አለ።

«ቆይ፣ ይነበባል» አሉት ጋሽ ወልደየስ።

ደንቡን የሚያሻሽለው ኮሚቴ ሰብሳቢ አንዲት ቀጭን ሴት ናቸው። ወጥተው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። አቶ ደምሰውም ሰው ተሰበሰበ ሲባል ሰምተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰይፈ ተነሳ። ቀሚሱን ከጋዜጣው ፈታው።

«ይኼ ነጭ ነበር» አለ። ከዚያ ቀያሹ አልወርድም እንዳለ፣ መዝጋቢዋ አልመዘግብም እንዳሉ፣ ተመራጩ እጄን አላነሳም እንዳሉ፣ ረቂቁ አልወጣም እንዳለ፣ ተቆጣጣሪዋ አልጽፍም እንዳለች፣ ሥራ አስኪያጁ አልዘጋም እንዳሉ፣ ቧንቧው አልቆምም እንዳለ፣ ጅረቱ አልጠራም እንዳለ፣ ቀሚሱም አልነጣ እንዳለ ተናገረ። አቶ ደምሰው ስማቸው ጋ ሲደርስ ጫማቸውን አዩ።

«ታዲያ ምንድን ነው የምትጠይቁት?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ደንቡ ውስጥ አንድ መስመር። የእድራችን ቁጥር የቤት ቁጥር ይሁንልን።»

«ቁጥሩን ማን ሰጣችሁ?»

«ድንኳኑ» አሉ ጋሽ ወልደየስ።

ሰብሳቢዋ ቀና ብለው ድንኳኑን አዩ። «በዚያ ቁጥር ሰው እንደሚኖርበት በምን አውቃለሁ?»

«ልጥራልዎ» አሉ ጋሽ ወልደየስ። መዝገቡን ከፈቱ። «አንድ ቁጥር።»

«አለሁ።»

«ሁለት ቁጥር።»

«አለሁ።»

ስልሳ ሁለቱንም ጠሩ። የተጠራ ቤት ሰው ሁሉ ይነሳል። ሰባት ቁጥር ጆሯቸው ስለማይሰማ ሁለቴ ተጠሩ። ሃምሳ አራት ቁጥር ልጅ አዝላ ስለነበር ሕፃኑ ቀድሟት ጮኸ፣ ጋሽ ወልደየስ ተቀበሉት። አቶ ደምሰው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ጣት ሲያልቅባቸው ወረቀት አወጡ።

ሰብሳቢዋ መዝገቡን ተቀብለው አገላበጡ። «ከኋላ ያሉት ስሞችስ? እነዚህ ቁጥር የላቸውም።»

«ድንኳኑ የተተከለላቸው ናቸው።»

«የዘንድሮው ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ሽማግሌዎች ናቸው?»

«አራቱ።»

«ሰባቱስ?»

ጋሽ ወልደየስ መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አደረጉ። ሰባቱንም በስም ጠሩ፣ ከነዕድሜያቸው። የመጀመሪያው ሦስት ዓመቱ ነበር። የመጨረሻዋ ማሕደር ሰይፈ፣ ዓመት ከአራት ወር። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ እንደ ልማዳቸው ትንሽ ቆይተው ጠበቁ። አለሁ ያለ የለም።

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶ ጠየቁ። ወይዘሮ የሺመቤት የራሳቸውን ሰጧቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው።

ሰብሳቢዋ አንድ መስመር ጨመሩ፣ «በቀያሽ ወይም በእድር መዝገብ የተሰጠ የቤት ቁጥር» የሚል። መስመሩ ጸደቀ። መዝጋቢዋ መዘገቡ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጻፉ፣ እጃቸው አበጠ። ተመራጩ ስልሳና መቶ አርባ ሦስት ሲደመር ከሁለት መቶ እንደሚበልጥ አስልተው እጃቸውን አነሱ፣ ያውርዱ እስኪባሉ አላወረዱም። ረቂቁ ጀርባውን ይዞ ወጣ። ተቆጣጣሪዋ አሥራ ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፈች፣ በዚህኛው ላይ ምስጋና አልመጣም። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አንብበው «ይኸው፣ ስጠብቀው የነበረው ይኼን ነው» አሉና ዘጉ። ሁለት መቶውን ሠራተኛ ማጣሪያ ጉድጓድ ያስቆፍሩ ጀመር። ቧንቧው ቆመ፣ አፉን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው።

ጅረቱ ግን ወዲያው አልጠራም።

«ምን ሆንክ?» አለው ሰይፈ።

«ልማድ ነው፣ ቀስ በል» አለ ጅረቱ። አሥር ቀን ፈጀበት። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረቡዕ ሆኖ፣ ድንጋዮቹ ታዩ።

ያን ቀን ሕፃኗ ሰባ ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ሰይፈና ትርፌ ቀሚሱን ይዘው ወረዱ። በመጀመሪያው ውሃ ሰማያዊ ለቀቀ። በሁለተኛው ትንሽ ለቀቀ። በሦስተኛው ምንም አልለቀቀም። እጅጌው ጫፍ ላይ የጥፍር ያህል ሰማያዊ ቀረች። ሰይፈ ደግሞ ሊያሻት ሲል ትርፌ እጁን ያዘችው።

«እሷ ትቆይ» አለች።

ቀሚሱም ነጣ።

በማግስቱ ጠዋት ቀያሹ ይርጋ ቃሉን ጠብቆ መጣ፣ ሜትሩንና ቀለሙን ይዞ። ጅረቱን አሸተተ። ከዚያ ለካ፣ ቆጠረ፣ ከሰይፈ በር ደረሰ።

«ስንተኛ ናችሁ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

ይርጋ ወረቀቱን አየ። ሠላሳ ስምንት ይላል። በሩ ላይ ሠላሳ ስምንት ብሎ ቀባ። «ይኸው ቁጥር ሰጠኋችሁ» አለ።

«እግዜር ይስጥልን» አለ ሰይፈ።

የዘነቡ ልጅ ክርስትና ተነሳች። ቀሚሱ ትንሽ ሰፋት። እጅጌዋን ስታነሳ ሰማያዊዋ ትታያለች። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዘነቡ በጅረቱ በኩል ባለው መንገድ ከሰይፈ ጎን ሄደች።

«ሲያጥራት ልመልስልህ?» አለችው።

«አትመልሽ» አለ። «ለሚቀጥለው ቤት አሻግሪው።»

ተረቴም እንደዚያው ነው። አትመልሱልኝ፣ አሻግሩት።